ሰው ሠራሽ እግር አድርጋችሁ በመንዝ፣ በይፋት፣ በቡልጋ የምትሠሩ፣ ውሏችሁ እንዴት ነው?

የመሐል ሜዳው ሸማኔ፦

ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። የጭነት መኪና ገጭቶኝ ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ሠራሽ እግር ካገኘሁ ደግሞ አንድ ዓመት ከአራት ወር። ጠዋት ሳደርገው ልክክ ብሎ ይገባል። ቀትር ላይ ጫፉን ሚስማር የረገጥሁ ያህል ይወጋኛል። ማታ ሳወልቀው ቆዳው ቀልቶ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ የሌለው ተረከዜ ያሳክከኛል፤ ይህን ለማን እንደማወራው ስለማላውቅ ነው እዚህ የጻፍሁት።

ሥራዬ ሽመና ነው። አባቴም አያቴም ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሠሩ ኖረዋል። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በሁለት እግሩ እየረገጠ ነው የሚሠራው፤ የእኛ ቤት መርገጫ ደግሞ በአውራ ጣት የሚያዝ ገመድ ነው። የፕላስቲክ እግር ጣቱ አይንቀሳቀስም፤ ገመድ አይዝም፤ መርገጡንና አለመርገጡንም አያውቅም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ሄጄ አንድ ፋብሪካ ለሥራ ተወዳደርሁ። ፈተናውን አለፍሁ፤ ማሽን ላይ አቁመው አዩኝና ወደዱኝ። ለጤና ምርመራ ሱሪዬን ሰብሰብ ሳደርግ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እንደውልልሃለን» ተባልሁ። ይኸው ጥቅምት አልፎ ኅዳር ገባ።

የእህቴ ባል «ምን አስጨነቀህ፣ ቁጭ ብለህ በግ ጠብቅ» ይለኛል። በግ መጠበቅ ቁጭ ማለት ይመስለዋል።

እናንተ ምን እየሠራችሁ ነው? እግሩስ ሙሉ ቀን ይችላል?

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍህ። እኔ በቀኝ እግሬ ነኝ፣ እንዳንተው ከጉልበት በታች፤ 11 ዓመት ሆኖኛል። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ።

የቀትሩን ሕመም አውቀዋለሁ። የተቆረጠው እግር ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም። ጠዋት ሞላ ብሎ ይነሳና ሲረገጥበት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሶኬቱ፣ የተቆረጠው እግር የሚገባበት ማቀፊያ፣ ይሰፋብሃል፣ አንተ ወደ ታች ትሰምጣለህ፣ ጫፉም መሬት ያገኛል። መድኃኒቱ የተቆረጠው እግር ላይ የሚደረብ ካልሲ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ መጽሐፍ ሊጎድል ይችላል፤ ሁለት ትርፍ ካልሲ ግን አይጎድልም። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ የመምህራን መጸዳጃ ቤት እገባና አንድ እደርባለሁ። በሩ አይዘጋም፤ በአንድ እጄ በሩን፣ በአንድ እጄ ካልሲውን ይዤ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ። ስታየኝ ሰርከስ ነው የምመስለው።

ብርዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ። በመጀመሪያው ዓመት በታኅሣሥ ምድጃ ዳር ተቀምጬ እየሞቅሁ የጎማ ሽታ ሸተተኝ። «የማን ጫማ ነው የሚቃጠለው?» ብዬ ልጆቼን ጠየቅሁ። የእኔው እግር ነበር! ጣቶቹ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። አሁንም ያንን እግርና ያንን ሽታ ሳስታውስ እስቃለሁ።

የሸዋ ሮቢት ባጃጅ፦

እኔም በግራ ነኝ፤ ዕድልህ ከዕድሌ ይገጥማል። የባጃጅ ክላቹና ማርሹ በግራ እጅ፣ ነዳጁ በቀኝ እጅ፣ የእግር ፍሬኑ በቀኝ እግር ነው። ግራ እግር እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ይሄዳል። ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፤ ከተሳፋሪዎቼ ብዙዎቹ አያውቁም። ቀኝ እግሩን ያጣ ጓደኛዬ ግን ሞክሮ ተወው፤ ፍሬን በማይሰማ እግር የሰው ነፍስ አይያዝም ብሎ። ልክ ነው።

የእኛ አገር ችግር ላብ ነው። መምህርት ስለ ብርድ ሲያወሩ እኔ ቀናሁ። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ እግሬን አውልቄ ስዘቀዝቀው ውኃ ይፈስሳል። ቆዳው ከራሰ ይላጣል፤ ከተላጠ ሳምንት ቤት ነህ፤ ሳምንት ቤት ከዋልህ የባጃጁ ባለቤት ሌላ ሾፌር ያስገባል። ስለዚህ ተራ ስጠብቅ ዛፍ ጥላ ሥር አወልቀዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ ካልሲ እለውጣለሁ። መጀመሪያ አፍር ነበር። አሁን ሊስትሮዎቹ «ጋሼ፣ እሱንም ጫማ እንጥረገው?» ይሉኛል።

ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቼ ጣርማ በርን አልፌ 2,800 ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ስገባ እግሬ የሌላ ሰው ይሆናል። እዚህ ጠብቆኝ የነበረው እዚያ ይላላል።

ብርቱ ሁን፦

ወንድሜ አይዞህ! አካል ጉዳት አለመቻል አይደለም። የሰሜን ሸዋው ልጅ አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ከሆነ በኋላ እንኳን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። አንተም ከፈለግህ ማራቶን ትሮጣለህ!

አናጺው ከአንኮበር፦

አቶ ብርቱ ሁን፣ አበበን እኛም እንወደዋለን፤ የጃቶ መንደርን ልጅ ማን ይጠላል። ነገር ግን ይህ ልጅ የጠየቀው ማራቶን አይደለም፤ ባና ልሥራ ነው ያለው። አንድ ሰው እግሩ ተቆርጦ «ምን ልብላ» ሲል ሁልጊዜ ጀግና እያመጣችሁ ፊቱ አታቁሙበት። አበበ ከሮጠ እኔ ለምን ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብሎ ያፍራል እንጂ አይበረታም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ ልጄ። እኔ በውትድርና ዘመኔ ፈንጂ ረግጬ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በላይ ነው የሄደው። ከ30 ዓመት በላይ ሆነ። ያንተ ጉልበት ተርፎልሃል፤ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን እኔ ነኝ የማውቀው። ጉልበት የሌለው ሰው አንድ ዳገት ሲወጣ አንተ ሁለት ወጥተህ ትጠብቀዋለህ።

ከአናጺነት ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ የመርገጫህን ነገር ልናገር። ገመዱን ተወው። ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር የሚሆን ሳንቃ ፈልግ። ኋላውን በማጠፊያ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ግጠመው፤ ፊቱን ከላይ በሚመጣው ገመድ እሰረው። እግርህ እንዳይንሸራተት ግራና ቀኙን ጠርዝ አብጅለት። ጣት ምን ያደርግልሃል? የምትጫነው ከጭንህ ነው። መርገጥህን እግርህ ካልነገረህ ጆሮህ ይንገርህ፤ ከሳንቃው ሥር ቁራጭ ወይራ አስቀምጥ፤ ሙሉ ሲወርድ «ቋ» ይላል። «ቋ» ሲል መወርወሪያህን ልቀቅ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ስቆም ወደ ኋላ ይጥለኝ ነበር። ለዓመታት ጾሙ ነው፣ ዕድሜው ነው እያልሁ በመቋሚያ ተደግፌ ኖርሁ። ኋላ ነው የገባኝ፦ እግሩ ሲገጠም ከጫማ ተረከዝ ጋር ተለክቶ ነው የቆመው። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ይወርድና ሰውነትህን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከአሮጌ ጫማ ሶል ቁራጭ ቆርጬ ካልሲው ውስጥ ከተረከዙ ሥር አደረግሁት፤ ቀጥ አልሁ። ለንስሐ አባቴ ጫማ ይሆንብኝ እንደሆነ ብዬ አሳየኋቸው። «እሱማ ያው እግርህ ነው» አሉኝ።

የመሐል ሜዳው ሸማኔ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳንቃውን እንደነገሩኝ እሞክረዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ሳነብ ደግሞ ብድግ አልሁ፤ እኔም ቆሜ ማስቀደስ አልቻልሁም ነበር፤ ሰው ሰነፈ ይለኛል ብዬ ደጀ ሰላም ተቀምጬ ነበር የምውለው።

እግር ሠሪ፦

እነዚህን እግሮች መሥራት ሥራዬ ነው። አናጺው የተናገሩት የተረከዝ ነገር ፍጹም ትክክል ነው፤ እንዲያውም ስንት ባለሙያ ሳይናገረው የሚቀር ነገር ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። አንድ ሰው ሲመጣ በሁለት ብረት መካከል ለስላሳ ወለል ላይ አስኬደን «ደህና ነህ?» እንለዋለን፤ እሱም «ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ ወደ ገደል ይመለሳል።

በሀገራችን ብዙ ጊዜ የሚሠራው እግር ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ያስፋፋው አሠራር ነው። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በሙቀት መልሶ ማስተካከልም ይቻላል። ግን ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም። ለዚህ ነው ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት የሚያስቸግረው፤ እግሩ መሬቱን ተከትሎ ስለማይዘቀዝቅ ጉልበትን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ሰው ሠራሹ ይቅደም፤ ቁልቁለቱ ከባሰ ወደ ጎን ዞሮ መውረድ ነው። የበጉ ነገር ቁጭ ማለት እንዳልሆነ ለእህትህ ባል ንገረው።

ሕመምህን ሳላየው ይህ ነው ማለት አልችልም። ሆኖም አንተን በመሰለ ሰው ክብደቱ መውደቅ ያለበት ጫፉ ላይ ሳይሆን ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ ነው። ጫፉ እየተወጋ ከሆነ ሰምጠሃል ማለት ነው፤ የመምህርት ካልሲ ለጊዜው ይረዳሃል። ሦስትና አራት ካልሲ የሚጠይቅህ ከሆነ ግን ሶኬቱ አልፎበታል፤ በመጀመሪያው ዓመት እግር በጣም ስለሚቀጥን የመጀመሪያው ሶኬት ብዙ አይቆይም። ተመልሰህ መለካት አለብህ። ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም ማዕከሎች አሉ፤ ደሴን ሞክር። በራስህ እሳት አስጠግተህ እንዳታሰፋው፤ አንድ ሰው በጋለ ማንኪያ አስፍቶ አምጥቶልኛል።

ስትሄድ ደግሞ «ያመኛል» ብቻ ብለህ አትመለስ። ሸማኔ ነኝ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንዲህ እቀመጣለሁ፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ እረግጣለሁ፣ እሑድ ያለ ጫማ ሦስት ሰዓት እቆማለሁ፣ መጸዳጃ ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት ነው ብለህ ንገራቸው። የሶኬቱ የኋላ ጠርዝ ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ጉልበትህን አጥፈህ ስትቀመጥ ይቆርጥሃል፤ ይህን የሚያውቀው የሚቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

የሌለው ተረከዝ ማሳከኩ እብደት አይደለም፤ አንጎል የእግሩን ቦታ ገና ይዞት ነው። ደህናውን እግር በመስታወት እያዩ ማንቀሳቀስና ማሸት ብዙ ሰው ይረዳል፤ መስታወቱ የጎደለው ቦታ ላይ እግር ያለ ያስመስለዋል። ከጉልበትህ ሥር ትራስ አድርገህ ግን አትተኛ፤ ጉልበትህ ታጥፎ ይቀራል።

እናት ከደነባ፦

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር ካደረገች ገና አራት ወሯ ነው። ጓደኞቿ ገመድ ሲዘልሉ ቆማ ታያለች። መዝለል ትችላለች? እግሩስ ይበላሻል?

እግር ሠሪ፦

ትዝለል። የተሰበረ እግር ይጠገናል። ልጅ ስለሚያድግ በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በዓመቱ መታየት አለባት፤ አንድ ጎኗ አጥሮ ወገቧ እየተንጋደደ እንዳይሄድ። መናገሻ ያለው የቼሻየር ማዕከል የሚያገለግለው ሕፃናትን ነው፤ እሱንም ይጠይቁ።

ቅጥር ክፍል ነበርሁ፦

በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ለቅቄያለሁ፤ ስለዚህ በነፃነት ልናገር። «እንደውልልሃለን» ማለት አንደውልም ማለት ነው። ይህን የሚሉትም ሕጉን ስለሚያውቁ ነው፤ «እግርህን አይተን ነው» ብለው ቢጽፉልህ ራሳቸውን ይከስሳሉ።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። ለሥራው ብቁ ሆኖ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ቀጣሪውም የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ይገደዳል። ክርክር ከተነሳ ደግሞ አላገለልሁም ብሎ የማስረዳት ሸክሙ የቀጣሪው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እናንተ «አገለለኝ» ብላችሁ ፍንጭ ስታቀርቡ እሱ ወረቀት ፈልጎ ይምጣ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ መግቢያ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱት ብቻ ሳይሆን መራመድ ችለው ደረጃ ለሚያስቸግራቸውም የተመቸ እንዲሆን ይላል። መምህርት፣ የመጸዳጃ ቤትዎም ጉዳይ እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ።

እንግዲህ የፈተናህን ውጤት ቀንና ቁጥር ጠቅሰህ አንድ ገጽ ጻፍ፤ «ያልተቀጠርሁበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ» በል፤ መዝገብ ቤት አስገባና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታ። አትሳደብ፣ አታልቅስ። ከዚያ በዞኑ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ።

ለቀጣሪው አንድ ቃል ልናገርለት፤ ብዙዎቹ ክፉ አይደሉም። ማሽን ላይ ብትወድቅ ካሣው በእነሱ ነው፤ ይህ ያስፈራቸዋል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን እሱ ማሽን ላይ ቆሞ ሠርቶ አሳይቷቸዋል እኮ። ሲሠራ አልወደቀም፤ የወደቀው ሱሪው ሲሰበሰብ ነው። እኔንም ሲቀጥሩኝ «ቤተ መጻሕፍት ትሻልሻለች፣ መቀመጫ አለ» ብለውኝ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ለአካል ጉዳተኛ ሥራ ሲባል ሁሉም ሰው ወዲያው ወንበር ያስባል። ጥበቃ፣ ስልክ ማንሳት፣ በግ። እኔ ሙሉ ቀን ከመቀመጥ እየቆምሁ እየሄድሁ ብውል ይሻለኛል፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ይደርቃል።

የሸዋ ሮቢት ባጃጅ፦

ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ! ይህንን ለተሳፋሪዎቼ እነግራለሁ።

ልጅ ሸማኔ፣ ወደ ደሴ ስታልፍ ሸዋ ሮቢት ላይ ውረድና ምሳ አብረን እንብላ። መኪና ውስጥ ስድስት ሰዓት ጉልበትህን አጥፈህ አትቀመጥ፤ የፊት ወንበር እንዲሰጡህ ለምናቸው፤ እግርህን አውልቀህም ቢሆን ዘርጋው። ያየ ይይ።

የመሐል ሜዳው ሸማኔ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስሁ፤ ይቅርታ፣ ኔትወርክም አልነበረም።

ደሴ ደርሼ መጣሁ። እግር ሠሪ እንዳሉት ሁሉንም ተናገርሁ፤ ጉድጓዱን ወለል ላይ በጠመኔ ሥዬ ተቀምጬ አሳየኋቸው። ባለሙያዋ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ብድግ ብላ የኋላውን ጠርዝ ዝቅ አድርጋ ቆረጠችልኝ። አዲስ ሶኬትም ተለካልኝ። አሁን ጠዋት አንድ ካልሲ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነው። ለእሑድም የተረከዝ ቁራጭ አለኝ፤ ባለፈው ሳምንት እስከ እግዚኦታው ቆምሁ።

ለፋብሪካው ደብዳቤውን አስገብቻለሁ፤ ማኅተሙ አለኝ፤ መልስ የለም። እየጠበቅሁ ነው።

ጋሼ፣ ሳንቃው ሠራ። ወይራ ስላጣሁ ጽድ ነው ያደረግሁበት። የመጀመሪያ ቀን ገመዱ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ፤ ጭኔ ከእግሬ ይልቅ ኃይል አለው ለካ። አንድ ባና ጨረስሁ። ድሮ በምጨርስበት ጊዜ እጥፍ ነው የፈጀብኝ፤ ጠርዙም አንድ ቦታ ላይ ገባ ወጣ ብሏል፤ አባቴ አይቶ ምንም አላለም፤ በጣቱ ግን ያችኑ ቦታ ነካት። ባለቤቴ ቤታችን የእንጨት ፈላጭ ቤት ሆነ ትላለች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

አናጺው ከአንኮበር፦

ጽድ ቶሎ ይበላል። ወይራ እኔ እልክልሃለሁ። የገመዱን መበጠስ ደግሞ ማሰሪያውን ወደ ማጠፊያው አቅርበው፤ ጭንህ የሚያወርደው ይቀንሳል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦

ያ ጠርዙ የገባ የወጣው ባና ካልተሸጠ ለእኔ አስቀምጥልኝ። የዘንድሮ ታኅሣሥ ውርጭ አልቻልሁትም፤ ምድጃ ዳር መቀመጥ ደግሞ ተከልክያለሁ።

የሸዋ ሮቢት ባጃጅ፦

ለእኔ ግን ባና እንዳትልክብኝ።